ጂን በቶኒክ፣ አረቄ በነጭ ሽንኩርት

ገሳይ ላይ አረቄ የሚወጣው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ ሥር የተቀመጠችው ይህች ከተማ ጠዋት ጠዋት ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ለአረቄ አውጪ ግን ብርድ ወዳጅ ነው። ውሃው በቀዘቀዘ መጠን እንፋሎቱ ቶሎ ወደ ጠብታ ይመለሳል።

ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ማድ ቤት ውስጥ አንዲት እናት ጋኑን እሳት ላይ ጥደዋል። ክዳኑ ተበስቶ ሸምበቆ ገብቶበታል። ክዳኑና ጋኑ የሚገጥሙበት፣ ሸምበቆውም የሚገባበት ቦታ ሁሉ በእበትና በጭቃ ተመርጓል። የሸምበቆው ሌላኛው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ማሰሮ ይወርዳል። እሳቱ ብዙ አይደለም፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ለጫፍ ተነካክቶ ይጤሳል።

«እትዬ፣ እሳቱ አላነሰም?» አልኳቸው።

«አላነሰም ልጄ። እሳት ካበዛሁበት ድፍድፉ ገንፍሎ በሸምበቆው ይመጣብኛል። ያኔ የሚወርደው አረቄ አይደለም፣ አተላ ነው» አሉና አንዱን ግንድ ሳብ አደረጉት።

ከእናታቸው የተማሩት ይህ ትዕግሥት በእሳት አይጀምርም። ቀደም ብሎ ገብሱ ውሃ ጠጥቶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ እንዲበቅል ይደረጋል፤ ከዚያ ደርቆ ይፈጫል። ይህ ብቅል ነው። ጌሾው ይደርቅና ይወቀጣል። ሁለቱ ከውሃ ጋር ተዋሕደው ሦስት፣ አራት ቀን ይሰነብታሉ፤ ጥንስስ ይሆናሉ። ቀጥሎ የገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ተቦክቶ ቂጣ ይጋገራል። ቂጣው ተቆራርሶ ጥንስሱ ላይ ይጨመርና ድፍድፉ ተከድኖ ይቀመጣል። በደጋው ብርድ መብሰያው ይረዝማል፤ ወደ ቆላ ሲወርዱ በአምስት ቀን የሚደርሰው እዚህ ሳምንት አልፎት ሊሄድ ይችላል። መድረሱን የሚያውቁት በጆሮ ነው። ጋኑ ላይ ጆሮ ሲጣል ይንሿሿ የነበረው ድምፅ ከረገበ፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሷል።

ይህ ሁሉ ድካም ምክንያት አለው፤ እናቶቻችንም ኬሚስትሪ ሳይማሩ ደርሰውበታል። እህል ውስጥ ያለው ስታርች ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርች አይበላም። ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ያፈራል። ዱቄቱ ቂጣ ሆኖ ሲበስል ስታርቹ ይፍታታል፤ ለኢንዛይሞቹም ይለሰልስላቸዋል። ጌሾው መራራነት ይሰጣል፣ ድፍድፉን የሚያበላሹ ተሕዋስያንንም ይገታል። በስኮትላንድ ዊስኪ፣ በኔዘርላንድ ጂን የሚጠምቅ ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የእኛ እናቶች ልዩነታቸው ጌሾውና ቂጣው ነው።

ጋኑ ሲሞቅ መጀመሪያ የሚወርደው ጠብታ አፍንጫ ይወጋል። እትዬ ይህን የመጀመሪያውን በትንሽ ኩባያ ተቀብለው ደፉት። አንዳንዱ «ኃይለኛው ይሄ ነው» እያለ ለብቻው ይሸጠዋል፤ እሳቸው ግን «ራስ ይመታል» ይላሉ። ትክክል ናቸው። ቀድመው የሚተኑት እንደ አሴታልዴኃይድ ያሉ ቀላል ተዋሕዶዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልቡ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወርደው ደግሞ ውሃ የበዛበት፣ የድፍድፍ ሽታ ያለው ነው። ልቡን ከጭራው የሚለዩት በምላስ፣ በጣት መሐል በማሸት፣ አንዳንዴም ጥቂቱን ወደ እሳቱ በመርጨት ነው። ቦግ ካለ ገና ነው፤ እሳቱን ካጨሰው በቃ።

እዚህ ላይ ከፍታውም ያግዛል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ቀንሶ ውሃ በ91 ዲግሪ፣ አልኮል ደግሞ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ አገር አልኮል የሚፈላው በ78 ነው። ስለዚህ የገሳይ ጋን ከዝቅተኛው አገር ጋን ይልቅ በለዘበ እሳት ይሠራል፣ ድፍድፉም እምብዛም አያርም። ማቀዝቀዣው ውሃ ደግሞ ከጉና የሚወርድ ነው። ርብንና ጉማራን አመንጭቶ ጣናን የሚመግበው ተራራ፣ መንገዱን ሳይጨርስ ለአረቄ ማሰሮም ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል። ቀደም ባሉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች አልኮሉን ከ22 እስከ 28 ከመቶ አድርገውታል። ያው አረቄ ተመልሶ ጋን ሲገባ ዳግም ይሆናል፤ ወደ 45 ከመቶ ይደርሳል። ዳግም ላይ ነው ጥበቡ የሚታየው። የግብጦ፣ የዝንጅብል፣ የማር እየተባለ በየአገሩ ልዩ ልዩ ዓይነት አለው። ገሳይ ላይ ግን አረቄ ጠጪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው አንዱን ነው፤ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበትን።

የነጭ ሽንኩርቱ አረቄ ነገር ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። በገሳይ ዙሪያ ያለው የጋይንትና የፋርጣ ደጋ ወባ አያውቀውም። ሰዉ ግን ወባ ወዳለበት ይወርዳል። ለሩዝ አረምና አጨዳ ፎገራ፣ ለሰሊጥ መተማና ሁመራ እየሄደ ስንት ወጣት ትኩሳት ይዞ ተመልሷል። የደጋ ሰው ሰውነት ወባን ስለማያውቅ ሕመሙ ይጠናበታል። ስለዚህ እናት ልጇን ስትሸኝ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፋ በጠርሙስ ታሲዛለች፤ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ መለኪያ እንዲል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ሰሜን ባለው ደምቢያ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ተዛምቶ 3 ሚሊዮን ሰው እንዳመመና 150,000 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ያኔ የተጎዳው ወባን በደንብ የማያውቀው ወይና ደጋ ጭምር ነበር።

አረቄና ነጭ ሽንኩርት ወባን አያድኑም፤ ይህን በግልጽ መጻፍ ግድ ይላል። ትኩሳት የያዘው ሰው አረቄ እየጠጣ አንድ ቀን ቢያዘገይ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ግን መራራ ነገር በአልኮል አድርጎ ወባን ለመከላከል መሞከር የጋይንት እናት ብቻ ሐሳብ አይደለም። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት የጂን መጠጦች አንዱ፣ ጂን በቶኒክ፣ ከዚሁ ፍርሃት ጋር አብሮ አድጓል።

የጂን መነሻ ኔዘርላንድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዶች ከእህል ብቅል ያወጡትን አረቄ በጥድ ፍሬ ያጣፍጡት ነበር። የዚያን ዘመን አረቄ ሸካራ ነበርና የጥድ ፍሬው ሽታ ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። እንግሊዞች በሆላንድ ጦርነቶች ላይ ተዋወቁት፤ ሆላንዳዊው ዊሊያም በ1689 የእንግሊዝ ዙፋን ላይ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ከእህል አረቄ ማውጣት ለማንም ተፈቀደ። ውጤቱ አስከፊ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ጂን ውስጥ ሰመጠች። በየጓዳው ይወጣል፣ በየጥጋ ጥጉ ይሸጣል፤ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ድኻ ሴቶች ነበሩ። ፓርላማው በ1736 የ50 ፓውንድ ፈቃድ ጠየቀ፤ ያን ከፍሎ የነገደ ግን ጥቂት ነው፣ ሽያጩ ተደብቆ ቀጠለ። በ1751 ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርት የጂኑን ጎዳና መከራ በሥዕል አትሞ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ነው ነገሩን ያረገበው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ለንደን ጂኗን አላጠፋችም፤ አሻሻለችው። በ1830 ኢኒየስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ ያለማቋረጥ የሚሠራ የማንጠሪያ ማማ ፈጠራውን አስመዘገበ። ከማማው የሚወጣው አልኮል ንጹሕ ነበር፤ ሸካራነቱን በስኳር መሸፈን ቀረ። ድራይ ጂን የሚባለው ደረቅ ጂን እንዲህ ተወለደ። የጓዳ መርዝ የነበረው ነገር በመቶ ዓመት ውስጥ መለኪያ፣ መለያና ክብር ያለው መጠጥ ሆነ።

ቶኒኩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚበቅለው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ወባን እንደሚያበርድ አውሮፓውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን አወቁ። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኪኒን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር ከቅርፊቱ ለይተው አወጡ። በ1858 ኢራስመስ ቦንድ የተባለ የለንደን ሰው ኪኒን ያለበት ጋዛም ውሃ የመሥራት መብት አስመዘገበ፤ በ1870ዎቹ ሽዌፕስ «የሕንድ ቶኒክ» ብሎ ማቅረብ ጀመረ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ የእንግሊዝ ወታደር በሕንድ የወባ መድኃኒቱን ምሬት ለመሻር ጂን ጨመረበት የሚል ነው። የኪው የዕፀዋት ማዕከል ተመራማሪዎች ግን በጽሑፍ የተገኘውን የመጀመሪያ ምስክር ተከታትለው ሌላ ቦታ ደረሱ። የተገኘው በ1868 በሕንድ በሚታተም የስፖርት መጽሔት ላይ ነው፤ ቦታው ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለችው ሲያልኮት፣ ጊዜው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ማብቂያ። ጂን በቶኒክ ሲጮኽለት የነበረው በሐኪም ቤት አልነበረም፤ አቧራ ለጠገበ ተመልካች ጥም መቁረጫ ነበር።

ያ ዓመት ለደብረ ታቦር ሰው ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. 1868 በእኛ 1860 ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከቦምቤይ የተነሣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ዙላ ወደብ ላይ ነበር፤ 13,000 ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። ዙላ ንጹሕ ውሃ ስለሌለው እንግሊዞች በመርከቦቻቸው ላይ የባሕር ውሃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ መጠጥ ውሃ ያወጡ ነበር፤ ሥራው ከእትዬ ጋን ሥራ አይለይም። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በጋይንት ደጋ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን ሁሉም አበቃ።

ዛሬ ደብረ ታቦር ሆቴል ገብቶ ጂን በቶኒክ ለማዘዝ ከውጭ የመጣ ጠርሙስ መጠበቅ አያስፈልግም። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ባሮ ድራይ ጂን ለረጅም ዘመን በመደርደሪያ ላይ ኖሯል፤ በጋምቤላው ወንዝ የተጠራ፣ አባቶቻችን የሚያውቁት ጂን። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ለዚህም ነው የሚበላሸው። ረዥም ብርጭቆ እስከ አፉ በበረዶ ይሞላል። በረዶ ሲያንስ ቶሎ ይሟሟና መጠጡን ያቀጥነዋል፤ ብዙ በረዶ ግን ራሱን ያቀዘቅዛል። 50 ሚሊ ሊትር ጂን ይገባል፤ ላዩ ላይ 150 ሚሊ ሊትር ቶኒክ በብርጭቆው ዳር እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ብቻ ከታች ወደ ላይ ይነሣል፤ የሚያማስል ሰው ጋዙን ይገድለዋል። የእኛ ሎሚ፣ ያቺ ትንሿ ቅርፊተ ቀጭን፣ ከውጭ ከሚመጡት ሁሉ ትበልጣለች፤ አንድ ቁራጭ ተጨምቆ ቅርፊቱ ውስጥ ይጣላል። በደጋ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ የቶኒክ ጋዝ ቶሎ ያመልጣል፣ ጠርሙሱም ሲከፈት ይገነፍላል። ስለዚህ ቶኒኩ ራሱ በጣም ቀዝቅዞ መምጣት አለበት። ሞቅ ያለ ቶኒክ ገሳይ ላይ አረፋ ብቻ ነው።

ወባውን ይከላከላል ወይ ለሚል፣ ሒሳቡን ላስላ። በአሜሪካ ሕግ ቶኒክ ውስጥ የሚፈቀደው ኪኒን በሊትር ከ83 ሚሊ ግራም አይበልጥም። በኪኒን የሚታከም ትልቅ ሰው ደግሞ በቀን እስከ 1,800 ሚሊ ግራም ይወስዳል። በቶኒክ ላድርሰው ያለ በቀን ከ21 ሊትር በላይ ሊጠጣ ነው። አረቄ በነጭ ሽንኩርትም ሆነ ጂን በቶኒክ፣ ሁለቱም ከወባ ጋር የሚዋጉት በስም ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለአደገኛው የወባ ዓይነት፣ ለፋልሲፓረም፣ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት የመጀመሪያ ሕክምና አድርጋለች፤ የወባ ሕክምና የሚገኘው በጤና ጣቢያ ነው። ወደ ፎገራና መተማ የሚወርድ ሰው አጎበሩን ይያዝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጥዱ ነው። ገሳይ ባለችበት ደቡብ ጎንደር ላይ ደን የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዶክትሬታቸው ባቀረቡት ጥናት የዚህን ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረዋል። ከእነዚህ ደኖች ዋና ዋና ዛፎች መካከል የሐበሻ ጥድና ወይራ አሉ። የሐበሻ ጥድ የጂኑ ጥድ ወንድም ነው፤ የአንድ ወገን ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ሴቴዋ ዛፍ ብቻ ታፈራለች፤ ፍሬዋ ሲበስል ጠቁሮ ሰማያዊ ይሆናል፣ ላዩ ላይ አመድ የነሰነሰ የሚመስል ሽፋን ያወጣል። ጣት መሐል ሲፈረፈር የሚወጣው ሽታ የጂን ጠርሙስ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ነው።

ኬንያውያን ቀድመውናል። ናይሮቢ ላይ ፕሮሴራ የሚባል ጂን የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ጥድ ነው፤ ስሙንም የወሰዱት ከዛፉ ሳይንሳዊ ስም ነው። ከደጋቸው የተለቀመው ትኩስ ፍሬ ተቀምሞ የሚወጣው ጠርሙስ በለንደንና በኒውዮርክ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ቁጭት ያድርብኛል። ከጂን ቅመሞች ከጥድ ቀጥሎ ዋናው ድንብላል ነው፤ ድንብላል ደግሞ ከጓሯችን አይጠፋም። ሎሚው አለ፣ ገብሱ አለ፣ የጉና ውሃ አለ፣ ዳግም የሚያወጣ እጅም አለ። ይህን ስል ነገ ጠዋት ማንም ተነሥቶ የጥድ ፍሬ ጋን ውስጥ ይጨምር ማለቴ አይደለም። የጥድ ዝርያዎች ሁሉ ለሰው የሚስማሙ አይደሉም፤ መጠኑም በባለሙያ መለካት አለበት። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ፍሬ መልቀምም ተገቢ አይደለም፤ እነዚያ ዛፎች ከብቱ እየረገጠባቸው፣ ችግኛቸው አልነሣ እያለ የተረፉ ናቸው። አሁን በአንዳንዱ ቅጽር ዙሪያ የድንጋይ አጥር እየተካበ ችግኙ መተንፈስ ጀምሯል። ጂን የሚፈልግ ጥድ ይትከል።

ከጂኑ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ አረቄው ራሱ። እትዬ የሚያወጡት በጀሪካን ተጭኖ ደብረ ታቦር ይሄዳል። እዚያ ከሌላ ሰው አረቄ ጋር ይደባለቃል፤ ውሃ የሚጨምርበትም አይጠፋም። ጠጪው የሚጠጣው 25 ይሁን 45 ከመቶ አያውቅም፤ መለኪያው ግን ያው ነው። አንዱ በሁለት መለኪያ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው በሁለት መለኪያ ቦይ ውስጥ ያድራል። አረቄ ያፈረሰው ትዳር፣ ያስቀረው ትምህርት በየሰፈሩ አለ፤ የአገሪቱ ሕግ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ሲከለክልና በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ሲያግድ ምክንያት አለው። ግን የጓዳውን አረቄ በሕግ ብቻ አጠፋለሁ ማለት ለንደን በ1736 የሠራችውን መድገም ነው። ሴቲቱ አትተውም፤ ልጆቿን የምታስተምረው በእሱ ነው። አተላው ላሟን ይቀልባል፣ የማገዶው ጭስ ደግሞ ዓይኗን ይበላዋል።

የሚያስፈልገው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። አረቄ ውስጥ ተንሳፍፎ የአልኮሉን መጠን የሚያሳይ የመስታወት መለኪያ አለ፤ ለአንድ ማኅበር አንድ ይበቃል። ጭሱን የሚያስወጣና ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ይሠራል። በጀሪካን ፋንታ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ላይ ወረቀት፤ የምን እህል እንደሆነ፣ ተራ ይሁን ዳግም፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ መቼና የት እንደወጣ።

ይህን ለእትዬ አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ማሰሮው ውስጥ ያለው ውሃ ሞቆ ስለነበር እየቀየሩ ሰሙኝ።

«ውሃውን ረሳኸው» አሉኝ። «ከየትኛው ምንጭ እንደተቀዳም ይጻፍ። ከመንገድ በታች ያለው ቶሎ ይሞቃል፤ እኔ የማስቀዳው ከላይ ነው።»